የሸክላው ጀርባ፦ ግሎሪያ ጌይነርና የዲስኮ ዘመን

የዲስኮ ሙዚቃ ታሪክ ሲወሳ ስለ ዘፋኞቹና ስለሚያብረቀርቀው ልብሳቸው እንጂ ስለ ድምፅ መሐንዲሶቹ የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የአንዲትን አንጋፋ ድምፃዊት ሥራ ሲዘክር፣ ድምፃቸው በጠባብ የሸክላ ቦይ ውስጥ እንዴት እንዳለፈም ለሙያ ባልደረቦች ለማውሳት ይሞክራል።

ወይዘሮ ግሎሪያ ጌይነር እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒዋርክ ከተማ ተወለዱ። በ1960ዎቹ በየምሽት ክበቡ የሶል ዘፈን ሲያቀነቅኑ ቆይተው፣ በ1975 «ኔቨር ካን ሴይ ጉድባይ» የተባለውን አልበም አወጡ። የድምፅ ቅንብር ባለሙያው ቶም ሞልተን በአልበሙ አንደኛ ገጽ ያሉትን ሦስት ዘፈኖች ያለ አንዳች ፋታ አጋጥሞ 19 ደቂቃ ያህል አስኬዳቸው። ጨፋሪው ወደ መቀመጫው የሚመለስበት ክፍተት አጣ።

እዚህ ላይ ሙያችንን የሚነካ ነገር አለ። በሸክላ ላይ ድምፅ የሚቀረጸው በመርፌ በተጫረ ቦይ ሲሆን፣ የቤዝና የከበሮ ወፍራም ድምፅ ቦዩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅግ ያወዛውዘዋል። በመሆኑም ዘፈኑ በረዘመ ቁጥር ቦዮቹ መቀራረብ፣ እንዳይነካኩም ድምፁ ዝቅ ማለት አለበት። ባለ 7 ኢንቹ ሸክላ ለ3 ደቂቃ ዘፈን ቢበቃም ለጭፈራ ቤት ዘፈን ጠበበ። መፍትሔው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ይኸው ሞልተን የሙከራ ሸክላ ሊያስቀርጽ ወደ መሐንዲሱ ሆሴ ሮድሪጌዝ ቢሄድ፣ ባለ 7 ኢንች ባዶ ሸክላ አልቆ ስለነበር በባለ 10 ኢንች ተቀረጸለት። ቦዮቹን አስፍተው ድምፁን ከፍ ቢያደርጉት ጉልበቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። (መጋዘን ባዶ ሆኖበት የሚያውቅ ባልደረባ ሁሉ ይህን ታሪክ ይወደዋል ብዬ አምናለሁ።) በ1976 ባለ 12 ኢንቹ ነጠላ ሸክላ ለገበያ ቀረበ።

በ1978 ወይዘሮ ግሎሪያ ከመድረክ ላይ ወድቀው የጀርባ አጥንታቸው ተጎዳ፤ በቀዶ ሕክምናም ታከሙ። ሕመሙ ገና ሳይሽርላቸው፣ በወገብ ድጋፍ ታስረው «አይ ዊል ሰርቫይቭ»ን ዘፈኑ። አሳታሚው ኩባንያ ግን ሌላውን ዘፈን በሸክላው ፊት፣ ይህንን በጀርባው አደረገው። ፍርዱን የለወጡት የኒው ዮርክ ጭፈራ ቤቶች ሸክላ አጫዋቾች ናቸው፤ ሸክላውን ገልብጠው አጫወቱት። በመጋቢት 1979 በአሜሪካ አንደኛ ሆነ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በቺካጎ የቤዝቦል ሜዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፊት የዲስኮ ሸክላዎች በፈንጂ ጋዩ። በ1980 የግራሚ ድርጅት ለምርጥ የዲስኮ ቅጂ ሽልማት ሲሰጥ ዕጣው የወይዘሮ ግሎሪያ ሆነ፤ ዘርፉ ግን ከዚያ ዓመት በኋላ ተሰረዘ። በእኔ አስተያየት ይህ ስረዛ ለሙዚቃው የተሰጠ ሚዛናዊ ፍርድ አልነበረም። እሳቸው ሁለተኛውን ግራሚ የተቀበሉት ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ «ቴስቲመኒ» በተባለው የመንፈሳዊ መዝሙር አልበማቸው ነው።