የነርቭ ሕዋስና ደጋፊው፤ መደንዘዝን ለምን ችላ ማለት አይገባም?

እጃችን ወይም እግራችን ሲደነዝዝ ብዙዎቻችን የምንሰጠው ምክንያት «ብዙ ተቀምጬ ነው»፣ «ብርድ መቶኝ ነው» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተነስተን ትንሽ ስንራመድ ይለቀናል። የማይለቅ መደንዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሕክምና ሥራዬ እንደማየው ሕመም ያለበት ሰው ፈጥኖ ሲመጣ፣ ስሜት ያጣው ግን ይዘገያል፤ የማያም ነገር አያስቸኩልምና። መዘግየቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለመረዳት የነርቭ ሕዋስ ከደጋፊው ሕዋስ ጋር እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ይጠቅማል። በዛሬው ጽሑፌም የማተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ነርቭ በውስጡ ምን ይዟል?

ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ ቆዳ፣ ወደ ጡንቻና ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የሚዘረጉት ነርቮች የዳርቻ ነርቮች ይባላሉ። ነርቭ በዓይን ሲታይ ነጭ ገመድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮች አሉ። እያንዳንዱ ክር አክሶን የሚባለው የነርቭ ሕዋስ ቅጥያ ነው። ለምሳሌ የውስጥ እግራችንን ጡንቻዎች የሚያዝዘው የነርቭ ሕዋስ ዋና አካሉ የሚገኘው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሲሆን፣ አክሶኑ ግን አንድ ሜትር ያህል ተጉዞ እግር ድረስ ይዘልቃል። በዓይን የማይታይ ሕዋስ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ክር ለብቻው መንከባከብ አይችልም። ስለዚህ ደጋፊ ያስፈልገዋል። ይህ ደጋፊ ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን እ.ኤ.አ. በ1839 ስለገለጸው ሽዋን ሕዋስ ተብሎ ይጠራል።

ሕይወት ያለው ሽፋን

ሽዋን ሕዋሳት በአክሶኑ ርዝመት ተራ በተራ ይደረደራሉ። በወፍራም አክሶኖች ላይ እያንዳንዱ ሽዋን ሕዋስ የአንዱን አክሶን አንድ ቁራጭ፣ ቢበዛ አንድ ሚሊ ሜትር ያህሉን ይዞ ሽፋኑን ደጋግሞ ይጠቀልልበታል። ይህ ቅባትነት ያለው ጥቅልል ማይሊን ይባላል። በሁለት ጥቅልሎች መካከል የምትቀረው ጠባብ ክፍተት ደግሞ በፈረንሳዊው ሉዊ ራንቪዬ ስም የራንቪዬ አንጓ ተብላለች። መልእክቱ ከአንጓ ወደ አንጓ እየዘለለ ስለሚያልፍ በጣም ይፈጥናል። ወፍራም ማይሊን ባላቸው ክሮች በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ሲጓዝ፣ ማይሊን በሌላቸው ቀጫጭን ክሮች ግን ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ብቻ ነው። የእግራችን ጣት ድንጋይ ሲመታ መመታታችንን ወዲያው አውቀን፣ የሚያቃጥለው ሕመም ጥቂት ቆይቶ የሚደርሰው በዚህ ልዩነት ነው። ቀጫጭኖቹም ቢሆኑ ብቻቸውን አልተተዉም፤ አንድ ሽዋን ሕዋስ ብዙዎቹን አንድ ላይ አቅፎ ይይዛቸዋል።

ማይሊንን ለማስረዳት የኤሌክትሪክ ሽቦን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እኔም ለሕሙማን ይህንኑ ምሳሌ እሰጣለሁ። ሆኖም ፕላስቲክ ከሽቦው ጋር አይነጋገርም፤ ሽዋን ሕዋስ ግን ከአክሶኑ ጋር መልእክት ይለዋወጣል። አክሶኑ ኒውሬጉሊን የተባለ ፕሮቲን በገጹ ላይ ያወጣል፤ ሽዋን ሕዋሱ ማይሊን ለመሥራት አለመሥራቱ፣ ከሠራም ምን ያህል ለማወፈሩ ዋናው ምልክት የዚህ ፕሮቲን መጠን ነው። ሽዋን ሕዋሱ በበኩሉ አንጓዎቹ በቦታቸው እንዲጸኑ ያደርጋል፤ ለአክሶኑ ሥራ የሚሆን ኃይል በማቅረብም ያግዛል። በመሆኑም ሽዋን ሕዋሱ ለረጅም ጊዜ ከታመመ አክሶኑም ተከትሎ ይከስማል።

ነርቭ ሲቆረጥ

እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን በመቁረጥ፣ ከተቆረጠው ቦታ በታች ያለው የአክሶን ክፍል እንደሚፈራርስ አሳይቷል። ሽዋን ሕዋሳቱ ግን አብረው አይጠፉም፤ ሥራ ይለውጣሉ። ማይሊን መሥራታቸውን ትተው የፈረሰውን ያጸዳሉ፤ ለጽዳቱ የሚረዱ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትንም ይጠራሉ። ከዚያም በረድፍ ተሰልፈው ለአዲሱ ክር መንገድ ይሆኑታል፤ እድገቱን የሚያነቃቁ ፕሮቲኖችም ያመነጫሉ። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ማይሊን የሚሠሩት ሕዋሳት ይህን አያደርጉም። የተቆረጠ የእጅ ነርቭ ተሰፍቶ መልሶ ማደግ ሲችል ሕብለ ሰረሰር ግን የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አዲሱ ክር የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ክርን አጠገብ ከተቆረጠ ነርቭ ተነስቶ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚገኘውን የመዳፍ ጡንቻ ለመድረስ አሥር ወር ይፈጅበታል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አክሶን አልባ የሆኑት ሽዋን ሕዋሳት የማገዝ አቅማቸው እየደከመ፣ ጡንቻውም እየመነመነ ይሄዳል። ጊዜ እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው።

ከሥጋ ደዌ የምንማረው

ሽዋን ሕዋስ ሲጠቃ የሚደርሰውን ጉዳት አጉልቶ የሚያሳየው በአገራችን የምናውቀው የሥጋ ደዌ ነው። ኖርዌያዊው ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ ሽዋን ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚስማማው በክርን፣ በጉልበት ጎን፣ በቁርጭምጭሚትና በፊት ላይ ለቆዳ ቅርብ የሆኑትን ነርቮች ያጠቃል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ባክቴሪያውን ሊዋጋ ሲነሳም ነርቩ አብጦ ይጎዳል። ጣት የሚጠፋው ባክቴሪያው ስለበላው አይደለም። ስሜት ያጣ እጅ ሲቃጠል አይታወቀውም፤ ስሜት ያጣ እግር ሚስማር እየወጋው ይረግጣል፤ ቁስሉም ካልታከመ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት፣ በግቢውም እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው በሐንሰን ስም የሚጠራው የምርምር ተቋም መነሻቸው ይኸው በሽታ ነው። ባክቴሪያውን የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሚመክረው የመድኃኒቶች ጥምረት ማጥፋት ይቻላል። የነርቩ እብጠት ደግሞ በስቴሮይድ መድኃኒት ይታከማል፤ ይህም ጉዳቱ ከደረሰ በስድስት ወር ውስጥ ሲጀመር ስሜትና ጉልበት የመመለስ ተስፋው ይበልጣል። ባክቴሪያው ሞቶ ነርቩ ሳይመለስ የቀረበት ሰው ዳነ ቢባልም እጁን አጥቷል።

ምን እናድርግ?

ስሜት የማይሰጥ፣ ከቀሪው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ያየ፣ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ የማይታወቀው፣ ወይም የእጁ ጉልበት የቀነሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የስኳር ሕመም ያለበት በየቀኑ ውስጥ እግሩን ይመልከት፤ በዚህ ሕመም ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ክሮች ናቸውና። ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ድካም ከታየ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኃይል ነርቮችን እያጠቃ ሊሆን ስለሚችልና መተንፈሻንም ሊያሰንፍ ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ነርቭ የሚጠግን ደጋፊ አለው፤ ደጋፊው ግን ለዘላለም አይጠብቅም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ቀድሞ መታየት ይበጃል።