ለኳርተርባክ የሚሰጠው ጊዜ

በአሜሪካ የኮሌጅ እግር ኳስ ማጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ሳይበስል ውጤት የሚጠየቀው ደጋፊው ስለቸኮለ ብቻ አይደለም፤ ደንቡም የመማሪያ ጊዜውን አሳጥሮበታል። እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ከጦርነት ዓመታት በስተቀር፣ በትልልቆቹ ኮሌጆች የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር። በ2021 ደግሞ ተጫዋቹ አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ኮሌጅ መቀየር ተፈቀደለት። ዛሬ ተራው የዘገየበት ወጣት ጥሎ ይሄዳል፤ እንዳይሄድበት የሚሰጋ አሰልጣኝም ያለጊዜው ያሰልፈዋል።

ተሰጥኦ ያለው አይጠብቅም የሚሉ ጆኒ ማንዜልንና ጄሚስ ዊንስተንን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም በመጀመሪያ የውድድር ዓመታቸው፣ በ2012 እና በ2013፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ሽልማት ወስደዋል። ነገር ግን ሁለቱም ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወቱ ተለማምደዋል። በ2018 ገና እንደገባ ክሌምሰንን ለሻምፒዮንነት ያበቃው ትሬቨር ሎውረንስ ግን እውነተኛ ማስረጃ ነው፤ እንደ እሱ ያለው ብርቅ ነው እንጂ።

የጆ በሮው ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። በኦሃዮ ስቴት አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር ቆይቶ፣ ዲግሪውን ይዞ በ2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ተሻገረ። በዚያ ዓመት ያቀበላቸው ተችዳውኖች፣ ማለትም ነጥብ ያስገኙ ቅብብሎች፣ 16 ብቻ ነበሩ፤ ያኔ ቢፈረድበት ማንም ባልተቃወመ። በማግስቱ ዓመት፣ የቅብብል ስልቱን የሚያድስ አዲስ ረዳት አሰልጣኝ ሲመጣ፣ 60 አቀበለ፤ ቡድኑም 15 ጨዋታ ተጫውቶ 15ቱንም አሸነፈ። እንግዲህ በመጀመሪያ ዓመቱ በአንድ ወጣት ላይ የሚፈርድ ደጋፊ እነዚህን ሁለት ዓመታት አስተያይቶ ይፍረድ።