መልእክተኛ ቅባት፦ ነጭ የደም ህዋስ መውጫውን የሚያውቀው እንዴት ነው?

የእግር ቁስል ሲያመረቅዝ ብሽሽት ላይ ንፍፊት እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። እዚያ ያበጠው የሊምፍ ዕጢ ነው፤ የሞላውም በነጭ የደም ህዋሳት። በደህናው ጊዜ ከነጭ የደም ህዋሳት አንዱ የሆነው ቲ ህዋስ በዕጢው ውስጥ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ወደ ደም ይመለሳል። ጀርም ሲገባ ግን መውጣቱን ያቆማል። ለምን እንደሚያቆም ለመረዳት አንድ አዲስ ቃል ያስፈልገናል።

ባለሙያዎች ሲግናሊንግ ሊፒድ የሚሉትን መልእክተኛ ቅባት ብንለው ጥሩ ነው እላለሁ። ስብ ካልነው አንባቢ ቦርጭ ላይ የሚጠራቀመውን ያስባል፤ ይሄኛው ግን ለክፉ ቀን የሚቀመጥ አይደለም። ህዋሱ ከራሱ ሽፋን ቅባት በትንሽ በትንሹ ይሠራዋል፣ ወደ ሌላ ህዋስ ይደርሳል፣ ሥራው ሲያበቃ ይፈርሳል። ትኩሳትና ሕመም የሚቀሰቅሰው ፕሮስታግላንዲን የዚሁ ወገን ነው፤ አስፕሪን የሚያስታግሰንም እሱ እንዳይሠራ እየከለከለ ነው።

የዕጢውን መውጫ የሚያሳየው መልእክተኛ ቅባት ስፊንጎሲን-1-ፎስፌት ይባላል፤ ሲያጥር ኤስ-1-ፒ። ስፊንጎሲን የሚለውን ስም ያወጣው ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጅ ሐኪም ዮሃን ቱዲኩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ አንጎል ኬሚስትሪ በጻፈው መጽሐፍ፣ የንጥረ ነገሩ ባሕርይ ግራ ቢያጋባው እንቆቅልሽ ጠያቂዋን ስፊንክስን አስቦ ሰየመው።

ኤስ-1-ፒ በደምና ከዕጢው በሚወጣው የሊምፍ ፈሳሽ ውስጥ ይበዛል። በዕጢው ሥጋ ውስጥ ግን ኢንዛይም እየሰባበረው እጅግ ያንሳል። ቲ ህዋስ ይህን ቅባት የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ስላለው ከሚያንስበት ወደሚበዛበት ይጓዛል፤ መዓዛውን ተከትሎ ቡና ወደሚቆላበት ቤት እንደሚደርስ ሰው ማለት ነው። እቤት ውስጥ የቆየ ሰው መዓዛው አይታወቀውም፤ ደም ውስጥ ያለ ህዋስም እንደዚያው ነው። ቅባቱ ሲበዛበት ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ስርጉዱ ተቆርጦ ትንሽ ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱም ተቀባዩን ይዞ ወደ ህዋሱ ሆድ ይገባል። ህዋሱ ወደ ዕጢ ሲዘልቅ ተቀባዩ ከሰዓታት በኋላ ወደ ሽፋኑ ይመለሳል፣ መውጫውም እንደገና ይታወቀዋል። ይህን በከረጢት ማስገባትና ማውጣት የሽፋን ዝውውር እንለዋለን።

አሁን ወደ ንፍፊቱ። ጀርም ሲገባ በሰዓታት ውስጥ ሲዲ69 የተባለ ፕሮቲን በቲ ህዋሱ ላይ ብቅ ይልና የኤስ-1-ፒን ተቀባይ ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ቅባቱ እንደ ወትሮው በሊምፉ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ህዋሱ አይሰማውም። በመላው ሥርዓት እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፦ ላኪው ምንም ሳይለውጥ ተቀባዩ ብቻ ተነስቶ ሠራዊቱ በቦታው ይቆማል። ጀርሙን የለየው ህዋስ ለቀናት እዚያው ይባዛል። በኋላ ሲዲ69 ይቀንሳል፣ ተቀባዩ ይመለሳል፣ የተባዙትም በደም በኩል ወደ ቁስሉ ይዘምታሉ። ከደም የሚገባው ህዋስ በዚያው ሰሞን ስለሚጨምር ዕጢው ያብጣል።

ተቀባዩ ለመውጣት ግድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2004 በሳንፍራንሲስኮ የጄሰን ሳይስተር ቡድን በአይጦች አሳይቷል። ይህን ተቀባይ የሚነካ መድኃኒት ግን ከማብራሪያው ቀድሞ ነበር። በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ቴትሱሮ ፉጂታና ባልደረቦቹ በነፍሳት እጭ ላይ ከሚበቅል ፈንገስ ያገኙትን ንጥረ ነገር እያሻሻሉ ፊንጎሊሞድን ሠሩ። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኤስ-1-ፒን ይመስላል፤ ተቀባዩ ይይዘዋል፣ ከረጢቱም ያስገባዋል፣ ግን ተቀባዩ ወደ ሽፋኑ በመመለስ ፈንታ ይፈጫል። ቲ ህዋሱም ዕጢው ውስጥ ይቀራል። የራስ መከላከያ ህዋሳት አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ለሚያጠቁበት መልቲፕል ስክሌሮሲስ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ የበሽታውን ሂደት የሚያዘገይ፣ በአፍ የሚወሰድ በአገሪቱ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ።

መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ደሙ ሲመረመር የሊምፎሳይት (ቲ ህዋስን የሚጨምረው የነጭ የደም ህዋስ ወገን) ቁጥሩ በብዙ አሽቆልቁሎ ይታያል። ህዋሳቱ ግን አልሞቱም፤ በየዕጢው ተይዘዋል። መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ተመልሰው ደሙ ውስጥ ይገኛሉ።