የሥጋ መቁረጫ ጉማጅ

የሥጋ መቁረጫ ጉማጅ (ጉቶ ወይም በቀላሉ ግንድ ተብሎም ይጠራል) በልኳንዳ ቤቶች ሥጋ የሚቆረጥበትና አጥንት የሚሰበርበት ወፍራም የእንጨት ገጽ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው ከአንድ ዛፍ ግንድ በመጋዝ ተቆርጦ በቁሙ የሚቀመጥ ክብ ጉማጅ ነው። ትንንሽ እንጨቶች በኮላ ተጣብቀው የሚሠራ ባለ እግር ጠረጴዛም አለ። ጉማጁ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። ያረጀውን ጥሎ አዲስ መግዛት ቀድሞ ቀላል ነበር፤ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች እየጠፉ በመሄዳቸው ግን አሮጌውን አስተካክሎ መጠቀም ይበልጥ ዋጋ እያገኘ መጥቷል።

== የእንጨቱ ባሕርይ ==

በቁሙ የተቀመጠ ጉማጅ ላዩ የእንጨቱ ቃጫዎች ጫፍ ነው። በጥብቅ ታስሮ የቆመ የሰንበሌጥ ነዶ ከላይ ሲታይ ይመስላል። ቢላዋ ሲያርፍበት በቃጫዎቹ መካከል ይገባል፤ ሲነሳ ቃጫዎቹ ተመልሰው ይጠጋሉ። ስለዚህ ጉማጁ ምቱን ይችላል፣ ቢላዋውም ቶሎ አይደንዝም። ሣንቃ በጎኑ ተጋድሞ ሲሠራበት ግን ስለቱ ቃጫውን አቋርጦ ይቆርጠዋል፤ ገጹም ቶሎ ይተለተላል።

ለዚህ ሥራ ጠንካራና ሽታ የሌለው እንጨት ይፈለጋል። ወይራ (በኦሮምኛ ኤጀርሳ) እጅግ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ወፍራም ግንድ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። ዋንዛ (ወዴሳ) ከወይራ ይለሰልሳል፣ ለመላግም ይመቻል። ጽድ መዓዛው ወደ ሥጋው ስለሚሄድና በቀላሉ ስለሚፈለጥ አይመረጥም። ባሕር ዛፍ በየቦታው ቢገኝም ሲደርቅ ክፉኛ ይሰነጠቃል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ይህ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 542፣ ያም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። ለአንድ ጉማጅ የሚበቃ ውፍረት ያለው ዋንዛ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ይወስድበታል።

== በምዕራብ ሐረርጌ ==

የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በጨርጨር ተራሮች መካከል ትገኛለች። ከተማዋን በፕላን ያቋቋሟት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ጸሐፊና የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂም ነበሩ።

አካባቢው በሐረር ሰንጋ ይታወቃል። የደጋው ገበሬ በሬውን ደጅ አስሮ የማሽላና የበቆሎ አገዳ፣ ቅጠልና ቅልብ በእጁ እያቀረበ ያደልበዋል። እንዲህ የደለበ ሰንጋ ሥጋው የሰባ ነው፤ ስቡም ወደ ጉማጁ ይገባል። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሌሎቹ ከተሞች እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት የተለያየ ነው። ጉማጅም ከአንዱ ወደ ሌላው አይዋስም፣ አይሸጥም። በሚኤሶ በኩል ባለው ቆላ ደግሞ የግመል ሥጋም ይበላል።

የአየሩ ልዩነት ለእንጨት ትልቅ ነገር ነው። በደጋ ተቆርጦ በቅጡ ሳይደርቅ ወደ ሚኤሶ ወይም ወደ አሰቦት የወረደ ጉማጅ ደረቁን ሙቀት ሲያገኝ ከልቡ ወደ ዳር ይሰነጠቃል። ምክንያቱ እንጨት ሲደርቅ እኩል አለመኮማተሩ ነው፤ በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ይሆናል። ክብ ግንድ ይህን ልዩነት የሚችለው በመሰንጠቅ ብቻ ነው። በዙሪያው የሚታሰረው የብረት ቀለበት ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዘዋል እንጂ አያስቀረውም።

== ጊዜውን መምረጥ ==

የተስተካከለ ጉማጅ ከሥራ በፊት መድረቅና ዘይት መጠጣት ስላለበት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ይፈልጋል። ለክርስቲያን ሥጋ ቤት አመቺው ጊዜ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመረጣሉ፤ ዘግይቶ የተጀመረ ሥራ የበልግ ዝናብ ይደርስበታል፣ ከዚያም ፋሲካ ይመጣል። ፍልሰታ ክረምት ላይ ስለሚውል አይመችም። የሙስሊም ሥጋ ቤት ግን እንዲህ ያለ ረጅም ዕረፍት የለውም፤ በረመዳንም ለማፍጠሪያ ሥጋ ይፈለጋል። ስለዚህ ተለዋጭ ጉማጅ መያዝ የግድ ይሆናል።

== ማስተካከል ==

ከመሣሪያ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ጉማጁ መዳን ይገባዋል ወይ የሚለው ነው። መሮ በጥልቀት ሲገባ እንጨቱ እንደ ዳቦ ከፈረፈረ፣ ወይም ስንጥቁ እስከ ልቡ ወርዶ የበሰበሰ ሽታ ካወጣ፣ ልፋቱ አያዋጣም። ደህና ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ የታችኛው ገጹ ነው። ክብ ጉማጅ ሁለት ፊት አለው፤ ብዙ ጊዜ መገልበጥ ብቻውን ግማሹን ሥራ ያቀላል። ሆኖም እርጥብ መሬት ላይ የቆየ ታችኛ ገጽ ሊበሰብስ ስለሚችል ሣይመረመር አይገለበጥም።

ቀጥሎ ገጹ በጨው፣ በሽቦ ብሩሽና በመፋቂያ ይጸዳል። የተሰካ የአጥንት ስባሪና ምስማር በፒንሳ ይነቀላል፤ አንድ የተረሳ ምስማር የፒያላን ምላጭ ሊሸርፍ ይበቃል። ከዚያ ጉማጁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ማውጣት ቶሎ ለማድረቅ ያታልላል፤ ውጤቱ አዲስ ስንጥቅ ነው።

የጎደጎደውን መጠን ለማወቅ ቀጥ ያለ ዘንግ ከዳር ዳር ይጋደምና ከዘንጉ እስከ ጉድጓዱ ወለል ይለካል። ጉድጓዱ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መላው ገጽ ከ4 ሳንቲ ሜትር ጥቂት በለጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ መሐሉን ሞልቶ ማስተካከል አይቻልም። በመጋዝ ብናኝና በኮላ የተሞላ ጉድጓድ ከጥቂት ምት በኋላ ተነቅሎ ከሥጋው ጋር ይቀላቀላል።

የሚወርደው ልክ በጉማጁ ዙሪያ ምልክት ይደረግበታል። ጉማጁ በሽብልቅ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረግና ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ በየጎኑ ይያዛል፤ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም መስመሩ አይሳሳትም። ለትንሽ ጉማጅ ውሃልክ ይበቃል።

ብዙ የሚነሳ ከሆነ በሁለት ሰው በሚጎተት የግንድ መጋዝ ላዩን እንደ ድፎ ዳቦ ገምሶ ማንሳት ከመላግ እጅግ ይፈጥናል። የብረት ቀለበቱ ከመስመሩ በታች መውረዱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ጥቂት ከሆነ ደግሞ በፒያላ ይላጋል። የቃጫ ጫፍ መላግ ከሣንቃ ይከብዳል፤ ምላጩ በጣም የተሳለ፣ የሚነሳው ልጥም ስስ መሆን አለበት። ገጹን በውሃ አርሶ መላግ ሥራውን ያቀላል። ዋናው ደንብ ፒያላውን ከዳር ወደ መሐል መግፋት ነው። ከመሐል ወደ ዳር የተገፋ ፒያላ መጨረሻው ላይ የጉማጁን ጠርዝ ገንጥሎ ይወስዳል። ይህን ለመከላከል ጠርዙ አስቀድሞ በጥቂቱ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል።

መብራትና መሣሪያ ያለው አናጢ ሌላ መንገድ አለው። በጉማጁ ግራና ቀኝ እኩል ከፍታ ያላቸው ሁለት ሐዲዶች ይተክላል፣ ራውተሩን በሐዲዶቹ ላይ በሚንሸራተት ድልድይ ላይ አድርጎ ገጹን ጥቂት በጥቂት ያነሳል። በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ማንሳት በቂ ነው። ቀጥነቱን የሚወስኑት ሐዲዶቹ እንጂ የሠራተኛው እጅ አይደለም። ከአሮጌ ጉማጅ የሚወጣው ብናኝ የቆየ ስብና ጀርም ያለበት ስለሆነ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

መጨረሻ ላይ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። 80 ቁጥር ተጀምሮ 120 ላይ ሊቆም ይችላል። እንደ ቁም ሣጥን ማንጸባረቅ አያስፈልገውም፤ በጣም ከለሰለሰ ሥጋው ይንሸራተታል።

የተነሳውን ያህል ጉማጁ ስለሚያጥር ከሥሩ እግር ወይም መቆሚያ ይጨመርለታል። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የሚቆርጠው ሰው ወገብ ነው።

ስንጥቅን በተመለከተ ቀጭኑን መተው ይሻላል። በበጋ የተከፈተ ስንጥቅ በክረምት ራሱ ይጠባል። በበጋ ሽብልቅ ተመትቶበት ከሆነ ግን እንጨቱ ሲያብጥ መዝጊያ ቦታ አጥቶ በሌላ በኩል ይፈነዳል።

== ዘይት ማጠጣት ==

ዘይት ቃጫዎቹን ሞልቶ ደምና ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያግዛል። በሌላ አገር ለምግብ የተፈቀደ የማዕድን ዘይት ይመረጣል፤ አይደርቅም፣ አይኮመጥጥምም። ከአገር ውስጥ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፤ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ግን ቀስ ብሎ። የፓልም ዘይት የማይደርቅ በመሆኑ ውሎ አድሮ ይሸታል። ከቀለም መሸጫ የሚገዛ «የተፈላ» የተልባ ዘይት የብረት ማድረቂያ ስለሚጨመርበት ለምግብ ገጽ አይሆንም።

ዘይቱ ሞቅ ተደርጎ ይቀባል፣ ሲመጠጥ ይደገማል፤ የተረፈው ይጠረጋል። ንጹሕ ሰም ቀልጦ ቢጨመርበት ውሃን ይበልጥ ይከላከላል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

== ጽዳትና ጤና ==

እንጨት ከፕላስቲክ ይልቅ ጀርም ይይዛል የሚለው እምነት ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዲን ክላይቨርና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሙከራ፣ እንጨት ላይ የተደረገ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ተመጥጦ ከገጹ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ በቢላዋ የተተለተለ ፕላስቲክ ግን ለማጽዳት አዳጋች ነበር። ይህ የሚሠራው ግን ገጹ ደህና ለሆነ እንጨት ነው። ደም የሚያቁርበት ጎድጓዳ ጉማጅ ከዚህ ጥቅም አንዱንም አያገኝም።

ቁርጥና ክትፎ በጥሬው በሚበላበት አገር ነገሩ ይከብዳል። ከሆድ ዕቃ ወደ ጉማጅ፣ ከጉማጅ ወደ ቁርጥ የሚሄደውን ሳልሞኔላ የሚገድል እሳት በመካከል የለም። ስለዚህ ሆድ ዕቃና ቁርጥ በአንድ ጉማጅ ላይ መቆረጥ የለባቸውም። የኮሶ ትል ጉዳይ የተለየ ነው፤ እጩ የሚገኘው በሥጋው ውስጥ ስለሆነ ጉማጅ ማጽዳት አይከላከለውም። እሱን የሚከላከሉት የቄራ ምርመራና ማብሰል ናቸው።

በየማታው ገጹ በመፋቂያ ይፋቃል፣ በጨው ይታሻል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በረኪና የሚጠቀም ሰው 1 የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ መበጥበጥ ይችላል፤ ስብና ደም በረኪናውን ስለሚያደክሙት መጀመሪያ መፋቅ አለበት። ጉማጅ በውሃ አይዘፈዘፍም፣ ሌሊቱን በእርጥብ ጆንያ አይሸፈንም።