የገንዘብ መርከስና የጃፓን ጥጥ ጨርቅ


የአንድ አገር ገንዘብ ዋጋ በድንገት ሲለወጥ፥ የፋብሪካውም ዕድል አብሮ ይለወጣል። ለዚህ ጃፓን ጥሩ ምስክር ናት።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በጥር 1930 ዓ.ም. ጃፓን፥ የን የተባለውን ገንዘቧን በቀድሞው ዋጋ ከወርቅ ጋር አስተሳሰረች። 100 የንም 50 የአሜሪካ ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። የዓለም ንግድ በወደቀበት በዚያ ወራት ጨርቋ በውጭ ገበያ ስለ ተወደደ፥ ፋብሪካዎቿ ወጪያቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። በታኅሣሥ 1931 ግን አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ታካሃሺ ኮሬኪዮ፥ ሹመታቸውን በተቀበሉበት ዕለት፥ ወርቅ ከአገር እንዳይወጣ ከለከሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ 100 የን ወደ 20 ዶላር ገደማ ወረደ። በ1933 ጃፓን ወደ ውጭ በምትሸጠው የጥጥ ጨርቅ ብዛት እንግሊዝን በለጠች።

ነገር ግን ይህን ያደረገው የገንዘብ መርከስ ብቻ አይደለም። ከውጭ የሚገዛው ጥጥ በአገሩ ገንዘብ ሲታሰብ ተወዶ ነበር፤ ይህን ጭነት የተሸከሙት አስቀድመው የተሻሻሉት የፈትልና የሽመና መኪናዎች፥ ደግሞም ከገጠር የመጡት ልጃገረዶች አነስተኛ ደመወዝ ናቸው። ገዢዎችም ዝም አላሉም፤ በእንግሊዝ ሥር የነበረችው ሕንድ በሰኔ 1933 ከእንግሊዝ ሥሪት በቀር በሌላው ጥጥ ጨርቅ ላይ ቀረጡን ከመቶ 75 አደረሰችው።

እንግዲህ የገንዘብ መርከስ የገበያን በር ይከፍታል፤ በሩን ከፍቶ የሚያቆየው ግን የሥራ ብልሃትና የገዢው ፈቃድ ነው።