የዙልሒጃ መጨረሻና የጎንደር ነጋዴ ሒሳብ

 

ዙልሒጃ ሲያልቅ የሂጅራው ዓመት ያልቃል። በአገራችን ይህ ዕለት ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያልፈው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተደረገው ታላቅ ሰልፍና ከአብዮቱ በኋላ ዒደል ፊጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ፤ ሙሐረም 1 ግን ከመካከላቸው የለም። በዚህ ቅር የሚለው ወንድም አለ። የዘመን መለወጫ ግን በሸሪዓችን ዒድ አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው ቢባል፣ የሒሳብ ቀን ነው።

የአቆጣጠሩ አጀማመር ራሱ የሒሳብ ጉዳይ ነበር። ለኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የዕዳ ወረቀት ቀረበላቸው፤ መክፈያው «ሸዕባን» ይላል። «የትኛው ሸዕባን? ያለፈው ነው፣ ያለንበት ነው ወይስ የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ ይባላል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪም ቀን የሌለው ደብዳቤ ይደርሰናል ብለው እንደጻፉላቸው ተዘግቧል። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሰሐቦች ተመካክረው ቆጠራው ከሂጅራ እንዲነሳ ተስማሙ። ሂጅራው የተፈጸመው በረቢዑል አወል ቢሆንም ዓመቱ በሙሐረም እንዲጀምር አደረጉ፤ ሰው ከሐጅ ተመልሶ ወደ ሥራው የሚገባበት ወር ነውና። ወደ አገራችን የተደረገው የመጀመሪያው ስደት ከዚህ ሰባት ዓመት ያህል ይቀድማል።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። እ.ኤ.አ በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እስላም ቤት፣ በሌላ ስሙ አዲስ ዓለም፣ ከከተማው በታች በቀሃ ወንዝ በኩል የተስፋፋው እንዲህ ነው። ሙስሊሙ ርስት መያዝ ስለተከለከለ ሸማ ሠራ፣ ነገደ። እርሻ የከለከለው ሥርዓት የከተማውን ንግድ በእጁ አስገባለት፤ ቅፍለቱ አንድ ጊዜ በመተማ ወደ ሰናር፣ ሌላ ጊዜ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር።

ነጋዴው በክረምት አይጓዝም፤ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ የገበያው ዓመት ከክረምት እስከ ክረምት ነበር። የዲኑ ዓመት ግን በጨረቃ ይሄዳል፤ ሙሐረም አንዳንዴ በሐምሌ፣ አንዳንዴ በጥር ይገባል። ሁለት ዓመት ይዞ መኖር ማለት ይህ ነው፤ ዛሬም ያው ነን።

ሒሳብ ሲባል ትርፍ ብቻ አይቆጠርም። በዚያ መንገድ ከቡና፣ ከሰም፣ ከወርቅና ከዝባድ ጋር ሰውም ይነዳ ነበር። በባሪያ ንግድ ከገቡት መካከል የእኛ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ክርስቲያኑም ገዝቶ ያሠራ ነበር፤ ይህ ግን የእኛን ድርሻ አይፍቅም። ስለ ደረሰብን በደል ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል፣ እዚህ ላይ ግን ዝም እንላለን። ነፍስን መተሳሰብ፣ ሙሐሰባ የምንለው፣ ከዚህ ዝምታ ጋር አብሮ አይሄድም።

በደሉም እውነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ በ1866 ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። በ1870 ዓ.ም. (1295 ዓ.ሂ) በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ አዘዙ። ከጎንደር ብዙ ሰው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። የቀረው በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ሆኖ ዲኑን ደበቀ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የመሐዲስቶቹ ጦር ከተማዋን ሲያወድም «እስላም ነን» ባዮቹ ለጎንደር ድሃ አልራሩም። አዛን የማይሰማ፣ መስጂድ የማይደርስ ሰው የሐጁን ወር፣ የዐሹራን ቀን የሚያውቀው ጨረቃዋን ቆጥሮ ነው። ቆጠራው ቢጠፋበት ጾሙም ሐውሉም ይጠፋበት ነበር።

ሐውል ያልኩት የዘካ ዓመት ነው። ዛሬ ማንም ሳያስገድደን ይህ ቆጠራ ከሱቃችን እየወጣ ነው። ብዙ ነጋዴ ግብሩን በሐምሌ ስለሚያሳውቅ ዘካውንም በዚያው ያወጣል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው፤ ከፀሐዩ 11 ቀን ያንሳል። 11 ቀን ትንሽ ይመስላል፤ በ33 ዓመት ግን አንድ ሙሉ ዓመት ይሆናል። ወጣት ሆኖ ሱቅ የከፈተ ሰው ሽማግሌ ሲሆን የአንድ ዓመት የድሆች ሐቅ በእጁ ቀርቷል ማለት ነው። አላወቀውም፤ ድሃውም አላወቀውም።

መዝገቡን ከፀሐይ ዓመት ማላቀቅ ላልቻለ ሰው የዘመናችን የፊቅህ ሊቃውንት መውጫ አሳይተዋል፦ ከሺህ ብር 25 ብር በማውጣት ፋንታ 25 ብር ከ77 ሳንቲም ያውጣ። የሚሻለው ግን ሀብቱ ኒሷብ የሞላበትን ቀን፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የደረሰበትን፣ በሂጅራ ጽፎ መያዝ ነው። ቀኑን የረሳ ገምቶ አንድ ቀን ይቁረጥ፤ ሙሐረም ቢሆንለት ለማስታወስ ይቀለዋል። እናቶችና እህቶች ደግሞ ስለምታጌጡበት ወርቅ ትጠይቁናላችሁ። ሐነፊዮች ዘካ አለበት ይላሉ፣ ሻፊዒዮች በልኩ ለጌጥ የሚደረገው የለበትም ይላሉ፤ የሰፈራችሁን ሸኽ ጠይቃችሁ ዓመቱ ሳይዞር ወስኑ።