የሕዝብ ቆጠራው ቅጽና የዕድራችን መዝገብ



ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አሮጌው የሞጆ ባቡር ጣቢያ ለመጻፍ አስቤ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ሐሳቤን ወደ ሌላ መለሰው። ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ በደረቅ ወደቡ በኩል በጫኝና አውራጅነት ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት በተከራያት ክፍል ውስጥ ታሞ ሞተ። የግቢው ሰዎች መጥተው ለጸሐፊያችን ነገሩት። ጸሐፊያችንም መዝገቡን ገልጦ «ስሙ ማን ነው? የአባቱስ? ዕድሜው ስንት ነው? አገሩ የት ነው? ዘመድ አለው ወይ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። በትክክል የተመለሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው። ዕድሜውን «ኧረ ሠላሳ ቢሆነው ነው» አሉ። ይህችን ሠላሳ የምትባል ቁጥር ስሰማ የሕዝብ ቆጠራ ትዝ አለኝ፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

በአገራችን መላውን ሕዝብ ለመቁጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባና አንዳንድ ከተሞች ለየብቻቸው ተቆጥረዋል፤ በ1950ዎቹም የስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤቱ ገጠሩን በናሙና ማጥናት ጀምሮ ነበር። የጠቅላላው ሕዝብ ቁጥር ግን በግምት የሚነገር ነበር። የ1976ቱ ቆጠራ ውጤት ሲወጣ ኤርትራን ጨምሮ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው በብዙ ሚሊዮን የበለጠ ነው። ይሁንና በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪ ሊገባባቸው ያልቻለ በሰሜን ያሉ አካባቢዎች የተሞሉት ያው በግምት ነው። ሁለተኛው ቆጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን 53 ሚሊዮን ያህል፣ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ሆኖ ወደ 74 ሚሊዮን ተገኘ፤ አፋርና ሶማሌ ክልሎች ግን የተቆጠሩት በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። የኛ ሞጆ በሁለተኛው ቆጠራ 22 ሺህ፣ በሦስተኛው ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት።

ሦስቱንም ጊዜ ሞጆ ውስጥ ሆኜ ተቆጥሬአለሁ። ቤታችን ከቦታው ሳይነቃነቅ አድራሻችን ሲለወጥም አይቻለሁ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ የረርና ከረዩ አውራጃ ነበርን፤ በሁለተኛው ኦሮሚያ፣ ምሥራቅ ሸዋ ዞን ሆንን።

የ1976ቱ ቆጠራ ቀን ልደታ ነበረች። እናቶች ንፍሮውን ቀቅለው ደጅ ወጥተው ሲመራረቁ ስለዚህ ቆጠራ እያነሡ በጣም ይፈሩ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጅና ከብት አይቆጠርም፤ «ስንት ልጆች አሉሽ?» የተባለች እናት «እሱ ይጠብቃቸው» ብላ ታልፋለች እንጂ ቁጥር አትጠራም። በመጽሐፍም ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ ኢዮአብ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ዞሮ ቆጥሮ ሲመለስ መቅሠፍት እንደ ወረደ ተጽፏል። ይህንን የሰማ ሰው፣ ያውም ልጆች ለወታደርነት በሚፈለጉበት ዘመን፣ ቆጣሪ ደጁ ሲቆም «ግባ» ለማለት ቢያመነታ አይፈረድበትም። በሌላውም አገር እንዲሁ ነበር፤ እንግሊዞች በ1700ዎቹ አጋማሽ የሕዝብ ቆጠራ ይደረግ ተብሎ ሲቀርብላቸው ተቃውመው ጥለውት፣ የመጀመሪያውን ያካሄዱት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1801 ነው።

አሁን ወደ ቅጹ ልመለስ። ቅጹን የሚሞላው ቆጣሪው ነው፤ የኛ ድርሻ መመለስ ነው። ጾታ ቀላል ነው። ግድግዳው ከምን ተሠራ፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ ሽንት ቤት አለ ወይ የሚሉትም ዓይን ያያቸዋል። የሚያስቸግረው ቀላል የሚመስለው ጥያቄ ነው።

ዕድሜን እንውሰድ። የሚፈለገው በሙሉ ዓመት ነው። እናቴ የተወለደችው ጣሊያን በገባበት ዓመት፣ በ1928 ነው። ስለዚህ በ1976 ዕድሜዋ 48 ነበር፤ «ሃምሳ በለው» አለችው። በ1987 ቆጣሪዋ ሌላ ልጅ ነበረች፤ እናቴ 59 ዓመቷ ሲሆን «ስድሳ» አለቻት። በ1999 ደግሞ 71 ሆኗት ሳለ «ሰባ» አለች። ስለዚህ በ23 ዓመት ውስጥ እናቴ ያረጀችው 20 ዓመት ብቻ ነው፤ ሦስቱ ዓመት የት እንደ ገባ እሷም አታውቅም! ብልህ የሆነ ቆጣሪ «በጣሊያን ጊዜ ምን ታክያለሽ? ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱስ? በታኅሣሡ ግርግር አግብተሽ ነበር?» እያለ ያወጣጣል። ችኩሉ ግን የሰጡትን ጽፎ ይሄዳል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ በአገራችን ቆጠራ ዕድሜ ሲደረደር በዜሮና በአምስት የሚያልቁት ዕድሜዎች ላይ ሰው እንደ ገበያ ቀን ተጨናንቆ ይገኛል፣ አጠገባቸው ያሉት ባዶ ይመስላሉ። «ሠላሳ ቢሆነው ነው» ሲሉ የሰማሁ ጊዜ ቆጠራው የታወሰኝ ስለዚህ ነው። ሠላሳ ዕድሜ አይደለም፤ አናውቅም ማለት ነው።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ቤተሰብ ስንል ሥጋችንን ማለታችን ነው። ለቆጠራው ግን ቤተሰብ ማለት ዘመድ ሆኑም አልሆኑ አብረው እየኖሩ ከአንድ ማዕድ የሚመገቡ ሰዎች ናቸው። በ1999 ቆጣሪዋ መጥታ የቤቱን ሰው ስትመዘግብ እናቴ ቤይሩት ያለችውን እኅቴን አስቀድማ ጠራች። «እማማ፣ እዚህ የሚኖሩትን ብቻ ነው» ብትላት «ልጄ አልሞተች! ለምን ትሰረዛለች?» ብላ ተቆጣች። በዕድራችን መዝገብ ደግሞ እኅቴ እስከ ዛሬ አለች፤ የሁለቱ መዝገብ ሐሳብ እዚህ ላይ ይለያያል። የጎረቤታችን ነገርማ ይባስ ነበር። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ወር መንገድ ላይ ነው። «ዘወትር የሚኖሩት የት ነው?» ብላ ብትጠይቀው «መኪናዬ ውስጥ» አላት። ቀልድ መስሏት ነበር፤ አልነበረም።

ሥራን በሚመለከት ባለፉት ሰባት ቀናት ሠርተው እንደ ሆነ ይጠየቃል። ጠላ ጠምቃ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት «ሥራ የለኝም» ብላ ስታስመዘግብ ሰምቼ ዝም ያልኩበት ጊዜ ይቆጨኛል። የብሔሩን ጥያቄ በአጭሩ ልለፈው፤ ልጆቼ ከሁለት ወገን ናቸው፣ ትልቁ በአባቱ ትንሿ በእናቷ ተጻፉ፤ ከአንድ እናት የወጡ ልጆች በሁለት መደብ ተቆጠሩ።

በ1999 ከአምስት ቤት ለአንዱ ረጅም ቅጽ ይደርሰው ነበርና ለኛ ደረሰን። ጎረቤቶቻችን «ለምን እናንተን ብቻ እንዲህ መረመሯችሁ?» ብለው ብዙ ቀን ተጠራጥረውናል። በረጅሙ ቅጽ ላይ ለእናቶች የሚቀርብ ጥያቄ አለ፤ ስንት ወለድሽ፣ አብረውሽ ያሉ ስንት ናቸው፣ ሌላ ቦታ የሚኖሩ ስንት ናቸው፣ የሞቱ ስንት ናቸው። ባለቤቴ «አራት» አለች። ቆጣሪዋ ጽፋ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል ባለቤቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አምስት አድርጊው» አለቻት። ክርስትና ሳይነሣ የሞተብን ልጅ ነበር። በቤታችን ስለሱ ከተነገረ ዓመታት አልፈዋል፤ ዕድርም አልሰማውም፣ ድንኳንም አልተተከለለትም። መንግሥት ሕፃናት በምን ያህል እንደሚሞቱ ለማወቅ ያወጣው ጥያቄ ያንን ልጅ አንድ መስመር ሰጠው። ስለ ቆጠራ ክፉ ሲነገር የማልወደው በዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ባለፉት 12 ወራት ከዚህ ቤተሰብ የሞተ ሰው አለ ወይ? ይላል። በግቢያችን ለብዙ ዓመት በአንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር የነበረ ዘበኛ ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ ሞቶ ነበርና ነገርኳት።

«ከናንተ ጋር ይበላ ነበር?» አለችኝ።

«የለም፣ ለብቻው ነበር የሚያበስለው።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ የናንተ ቤተሰብ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ አሁን ማን አለ?»

«አዲስ ተከራይ።»

«እሱ ደግሞ አያውቀውም» ብላ ዝም አለች። ልጅቷ አላጠፋችም፤ መመሪያው እንዲያ ነው። እስቲ አስቡት፤ ስለ ሟች የሚጠየቀው በቤቱ የቀረ ሰው ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ሲሞት ግን ቤቱም አብሮት ይሞታል፤ ተጠያቂ አይቀርም። ያ ዘበኛ በ1987 ከሕያዋን ጋር ሲቆጠር በዓይኔ አይቻለሁ፤ በ1999 ግን ከሕያዋንም ከሙታንም ሳይገኝ ቀረ። ምሁራኑ ይህን ጉድለት ያውቁታል። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሞት ያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቤት ለቤት መዞሩን ትተው በየመካነ መቃብሩ የሚቀበረውን ማስመዝገብ የጀመሩት ያለ ነገር አይመስለኝም። ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሲመጣም ሞት ይመዘገባል ተባለ፤ መልካም ነው፤ ግን እዚያም ቢሆን ሄዶ የሚያስመዘግብ ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቆጠራ ሲካሄድ ደረቅ ወደቡ ገና አልነበረም። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ አሰብ ተዘግቶ የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በጅቡቲ መምጣት በመጀመሩ፣ ኮንቴይነሩን ወደ መሀል አገር አስገብቶ ጉምሩኩን እዚህ ለመጨረስ ሲባል በ2002 ገደማ ወደቡ ሞጆ ላይ ሥራ ጀመረ። ሞጆ የተመረጠችው የአዲስ አበባውና የሐዋሳው መንገድ የሚገናኝባት፣ ባቡርም የሚያልፍባት ስለሆነች ነው። ከወደቡ ጋር ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ዘበኛው፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ ምግብ ቤት የምትሠራው ልጅ፣ ሁሉም መጣ። የሚበዙት ለየብቻቸው አንዳንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ለየብቻቸው የሚበሉ ናቸው፤ በቆጠራው ቋንቋ ሁሉም አንድ አንድ ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው። አንዳቸውም ግን በዚህ ከተማ ተቆጥረው አያውቁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ቢልም፣ አራተኛው በ2010 ይሆናል ተብሎ ተላለፈ፤ ለመጋቢት 29 ቀን 2011 ተቀጠረና እንደገና ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች ለአንድ ዓመት ገፉት፤ ከዚያም በሽታውና ጦርነቱ መጣ። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ አልተካሄደም። ዛሬ ስለ ሞጆ ሕዝብ ብዛት የሚጠቀሰው ሁሉ ከ1999 እየተነሡ ያሰሉት ግምት ነው።

መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው። እኛስ ምን አደረግን? የዕድራችን ደንብ የሚያውቀው ባለ ቤቱን ነው፤ ሚስት፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት፣ አማት እያለ በዝርዝር ይጽፋል። ተከራይ የሚል ቃል የለበትም። ደንቡ ሲወጣ የሞጆ ሰው ተከራይቶ ቢኖርም ዘመድ ነበረው፤ ጎረቤትም ያውቀው ነበር። ለዚህ ነው ያ ወጣት ሲሞት «ደንቡ አይፈቅድም» ያሉትንም ሆነ «ሰው መሬት ላይ ወድቆ ምን ደንብ!» ብለው የጮኹትን ልወቅስ የማልችለው። በመጨረሻ የዕድሩ ሣጥን ሳይነካ ከየኪሳችን አዋጥተን ቀበርነው። ወንድሙ በጓደኞቹ ስልክ ተፈልጎ ከወላይታ የደረሰው በአርባው ነው። ዕድሜውን ጠየቅነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ተከራዮችን አባል እናድርግ አላደርግ የሚለው ክርክር በጊዜው ይደርሳል። እስከዚያው ግን እያንዳንዱ ባለ ግቢ በግቢው ያለውን ሰው አንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስም ከነአባት ስም፣ የተወለደበት ዓመት (ዕድሜ አይደለም፣ ዓመት)፣ የትውልድ አገር፣ አንድ ነገር ቢሆን የሚጠራለት ሰውና ስልኩ። ብሔር አያስፈልገንም፤ የግድግዳውን ዓይነትም አንጠይቅም። ተከራዩ ፈቃደኛ ካልሆነ ይተው።

እኔ የራሴን ግቢ ጀምሬ ወረቀቱን ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። አራት ተከራዮች አሉኝ። ሦስቱ ሞልተዋል፤ አራተኛው ጅቡቲ ነው፣ ሲመለስ ይሞላል።